አንድ ናሙና ለክፍል፣ ለሕክምናና ለፍርድ ቤት፦ የሐሩር ክልል ብዝኃ ሕይወት እንዴት ይጠናል?

የካላባር ባቄላ የምዕራብ አፍሪካ ሐረግ ነው። ፍሬው መርዛም ነው። ዛሬ ናይጄሪያ በምንላት አገር ደቡብ ምሥራቅ፣ በካላባር አካባቢ፣ ድሮ የተከሰሰ ሰው ፍሬውን እንዲበላ ይደረግ ነበር። ከሞተ ጥፋተኛ፣ አስመልሶት ከተረፈ ደግሞ ንጹሕ ይባላል። በ1864 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬሚስቶች ከዚሁ ፍሬ ፊዞስቲግሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ግላኮማ ለሚባለው የዓይን በሽታ መድኃኒት ሆነ፤ ለአንዳንድ የመመረዝ ዓይነቶችም ማርከሻ ነው። በ2001 ደግሞ ለንደን ውስጥ ከቴምዝ ወንዝ ማንነቱ ያልታወቀ የአንድ ሕፃን አስከሬን ወጣ። ከአንጀቱ የተገኘው ጥቃቅን የተክል ቅሪት በኪው ዕፅዋት መናፈሻ ባለሙያዎች ሲመረመር የካላባር ባቄላ ሆኖ ተገኘ። ምርመራው ፊቱን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንዲያዞር ከረዱት ፍንጮች አንዱ ይህ ነበር።

አንድ ተክል ነው፤ መማሪያም፣ መድኃኒትም፣ ማስረጃም ሆኗል። ብዙ ሰው ግን ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለፎረንሲክ (ለወንጀል ምርመራ) የሚደረገውን ጥናት ሦስት የተለያየ ሥራ አድርጎ ያየዋል። የእኔ እምነት ሌላ ነው። አንድ ናሙና በወጉ ከተያዘ ለሦስቱም ይበቃል፤ በወጉ ካልተያዘ ለአንዳቸውም አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አስተማሪም፣ ተማሪም፣ ለተፈጥሮ ፍቅር ያለው ማንም ሰው ሊጀምረው የሚችል ነው።

ትንሽ ቦታ ምረጡ

ጀማሪን የሚያሸንፈው ስፋት ነው። ጫካውን በሙሉ ላጥና ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተዘበራረቀ ነገር ይዞ ይመለሳል። ሐሩር ክልል ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ የሚዘልቅ ነው፤ የዝርያው ብዛት ደግሞ ሌላ ነው። በአማዞን አንዳንድ ቦታዎች በአንድ ሄክታር ብቻ ከ200 በላይ የዛፍ ዝርያዎች ይቆጠራሉ።

ስለዚህ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ ለዩ። አራቱን ማዕዘን ምልክት አድርጉና ገመድ ዘርጉ። ከገመዱ ውጪ ያለውን ለጊዜው ተዉት። ትልልቆቹ ጥናቶችም በተከለለ ቦታ ነው የሚሠሩት። ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ በተባለች ደሴት ላይ በ1980 የተጀመረ 50 ሄክታር የጥናት ቦታ አለ። እዚያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የሞላ እንጨት ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ይለካል። በየአምስት ዓመቱ ገደማም ተመልሰው ይለኩታል። የሞተው፣ ያደገው፣ አዲስ የበቀለው የሚታወቀው በዚህ ነው።

ፈቃድ ሳትይዙ ቅጠል አትቁረጡ

ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የጥናቱ መሠረት ነው እላለሁ። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አገሮች በሀብታቸው ላይ ባለመብት መሆናቸውን አረጋግጧል። በ2010 የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ ጥቅሙ በፍትሐዊነት እንዲከፋፈል ይደነግጋል። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ድንበር ማሻገርም ሳይትስ በተባለው ስምምነት የተገደበ ነው። በየአገሩ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የመሬቱን ባለቤትም አትርሱ።

ስለ መድኃኒት ተክል የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ምን እንደምትሠሩ ንገሯቸው። ዕውቀታቸውን መዝግባችሁ ለሌላ ማሳየት እንደምትፈልጉ ግልጽ አድርጉ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ማለት ነው። ከፈቀዱም ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ።

መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ንኩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ናሙና ዋጋ የሚያገኘው በጽሑፉ ነው። መለያ የሌለው ቢራቢሮ ቢያምርም የት ይኖር እንደነበር፣ መቼ እንደተያዘ ማንም ሊናገር አይችልም። ፍርድ ቤትም አይቀበለውም፣ የመድኃኒት ተመራማሪም ተመልሶ አያገኘውም።

ለእያንዳንዱ ናሙና የማይደገም ተከታታይ ቁጥር ስጡ። በአዲስ ዓመት ወይም በአዲስ ቦታ ከአንድ አትጀምሩ። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ የቦታውን ስምና ከፍታ ጻፉ። የስልካችሁን ጂፒኤስ ክፈቱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት፤ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ቶሎ አይረጋም። ኬክሮስና ኬንትሮሱን እስከ አምስት የአስርዮሽ አኃዝ መዝግቡ። በአራት አኃዝ የሚጻፍ ቦታ በ11 ሜትር ገደማ ያህል ግምታዊ ነው። ስልኩ የሚያሳየውን የስህተት መጠንም አብራችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ናሙናው ሲደርቅ የሚጠፋውን ነገር ሁሉ ጻፉ። የአበባው ቀለም ይለወጣል። ሽታው ይሄዳል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ነጭ ይሁን ቀይ ከደረቀ በኋላ አይታወቅም። የዛፉ ቁመት፣ ልጡ፣ የበቀለበት አፈር፣ አብረውት ያሉት ተክሎች ሁሉ ይጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የብዙ እስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ፎቶ ከመቁረጣችሁ በፊት አንሱ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ።

ተክሎች

የምትችሉትን ያህል አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ውሰዱ። ብዙ የሐሩር ክልል ዛፎች ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል በቅጠል ብቻ መለየት ከባድ ነው። ቅርንጫፉን በጋዜጣ ወረቀት መካከል ዘርጉ። አንዱን ቅጠል ገልብጡት፤ የጀርባው ገጽታ ለመለየት ይጠቅማል። በካርቶን ለዩት፣ በሁለት ጣውላ መካከል በቀበቶ አጥብቁት። ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሩ። በእርጥብ ጫካ ውስጥ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው። ማድረቂያ እስክታገኙ ድረስ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ናሙና በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ አልኮል አፍስሱበትና አጥብቃችሁ ዝጉት። ቀለሙ ይጠፋል፣ ዲኤንኤውም ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ቀድማችሁ ትንሽ የቅጠል ቁራጭ ለብቻው እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ማስቀመጥ ያለባችሁ። ሲሊካ ጄሉ ቅጠሉን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ዲኤንኤውም ይቆያል።

ለመድኃኒት ምርምር የሚሆን ከሆነ ሥሩን፣ ልጡን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ለየብቻ አስቀምጡ። ንጥረ ነገሩ በአንዱ ክፍል በዝቶ በሌላው ላይኖር ይችላል። ሁሉም ክፍል ግን ለሄርባሪየም (ለደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ከተጨመቀው ናሙና ጋር አንድ ቁጥር ይያዝ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሳራዋክ ታሪክ ያሳያል። በ1987 በቦርኔዮ ደሴት፣ በማሌዥያዋ ሳራዋክ፣ ከአንድ የካሎፊለም ዛፍ ናሙና ተወሰደ። በላቦራቶሪ ሲመረመር ኤች አይ ቪን የሚገታ ንጥረ ነገር ተገኘበት፤ በኋላ ካላኖላይድ ኤ ተባለ። ተመራማሪዎች ተጨማሪ ፍለጋ ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጦ ጠበቃቸው። ከሌሎች ተመሳሳይ ዛፎች የተወሰደው ናሙናም ያንኑ ውጤት አልሰጠም። ፍለጋው እንዲቀጥል የረዳው የመጀመሪያው ዛፍ የተጨመቀ ናሙና በሄርባሪየም ተቀምጦ መገኘቱ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የትኛው ዛፍ እንደነበር እንኳ መናገር ይከብድ ነበር።

መድኃኒት ይሆናል ብላችሁ ግን ምንም ነገር አትቅመሱ። ፔሪዊንክል የተባለችውን የማዳጋስካር አበባ ተመልከቱ። የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም የሚያገለግለው ቪንክሪስቲን የወጣው ከእሷ ነው። ቅጠሏን እንዲሁ የበላ ሰው ግን ይመረዛል።

ነፍሳት

ማታ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅላችሁ መብራት አብሩበት። ብዙ የሌሊት ቢራቢሮና ጢንዚዛ በራሱ ይመጣል። ለመሬት ነፍሳት ኩባያ አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ቅበሩ፤ ዝናብ እንዳይሞላው ከላይ ክዳን ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ። በየቀኑ እዩት፤ ሳያስፈልግ የወደቀውን መልቀቅ ግዴታችሁ ነው። ጠንካራ ገላ ያላቸው በመርፌ ይሰካሉ፤ ጢንዚዛ በቀኝ ክንፍ ሽፋኑ በኩል። ለዲኤንኤ የሚሆነው 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይግባ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ለዚህ አይሆንም።

የፎረንሲኩ ክፍል፦ ዝንብና ሰዓት

በቻይና በ1247 ሶንግ ሲ የተባለ ዳኛ በጻፈው የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ዝንቦች ደም የነካውን ማጭድ ለይተው እንደከበቡና ነፍሰ ገዳዩ በዚያ እንደታወቀ ተተርኳል። የዛሬው ሥራ ከዚያ ይልቃል። የሚያብረቀርቁት አረንጓዴና ሰማያዊ ዝንቦች ሬሳ ላይ ቶሎ ይደርሳሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ እጭ፣ እጩ ፑፓ (በሽፋን ውስጥ ሆኖ የሚለወጥበት ደረጃ)፣ ፑፓው ዝንብ ይሆናል። ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው። ስለዚህ የአካባቢያችሁ ዝንብ በአካባቢያችሁ ሙቀት እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀዝቃዛ አገር ዝንቦች ላይ የተሠራ ሰንጠረዥ እዚህ ያሳስታል።

ለመማር ቁራጭ ጉበት ወይም ሥጋ በቂ ነው። ከሰው መኖሪያ ራቅ አድርጋችሁ፣ አውሬ እንዳይወስደው በሽቦ ወንፊት ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ሙቀት መመዝገቢያ አጠገቡ አድርጉና በየሰዓቱ ይመዝግብ። እጮቹን ስትሰበስቡ ለሁለት ክፈሏቸው። ግማሹን ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ከታችሁ ወደ አልኮል አዛውሩ። በሕይወቱ አልኮል ውስጥ የገባ እጭ ይኮማተራል፣ ይጠቁራል። ርዝመቱ ስለሚያሳስት ዕድሜውም ይሳሳታል። ሌላውን ግማሽ አሳድጉት፤ ዝርያውን በእርግጠኝነት መለየት የሚቀለው አድጎ ዝንብ ሲሆን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። እንበልና የአንድ ዝርያ እጭ ከ10 ዲግሪ በታች አያድግም። አማካይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሆኖ ከእንቁላል ተነስቶ አንድ የዕድገት ደረጃ ላይ ለመድረስ 100 ሰዓት ከፈጀ፣ 25 ሲቀነስ 10፣ በ100 ሲባዛ 1500 የዲግሪ ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ሲሞቅ ያው 1500 ቶሎ ይሞላል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። መርማሪ ይህን ወደ ኋላ ቆጥሮ እንቁላሉ የተጣለበትን ጊዜ ይገምታል። ግን ተጠንቀቁ፤ በሐሩር ክልል የሚገኘው ክራይሶማያ ሩፊፋሲስ የተባለ ዝንብ እጭ ቀድመው የመጡትን የሌሎች ዝንቦች እጭ ይበላል። አንጋፋው ማስረጃ ተበልቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በጥናት ላይ ሳላችሁ የሰው አስከሬን ብታገኙ አትንኩ፣ ናሙናም አትውሰዱ። ራቅ ብላችሁ ለፖሊስ ደውሉ። ከወንጀል ቦታ የሚነሳ ናሙና ማን ያዘው፣ መቼ ለማን አስረከበ የሚለው ሳይቆራረጥ መመዝገብ አለበት፤ ይህ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

ስሙን ማወቅ

የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ የሚነግራችሁ ጥቆማ ነው። ከመለያ መጽሐፍና በሄርባሪየም ወይም በሙዚየም ካለ ናሙና ጋር አስተያዩት። ዝርያን በአጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የሚለየው የዲኤንኤ ባርኮድ ከ2003 ጀምሮ ሥራውን አቅልሎታል፤ ለእንስሳት ሲኦአይ፣ ለዕፅዋት አርቢሲኤል እና ማትኬ የተባሉ ጂኖች ይነበባሉ። ዲኤንኤም ቢሆን የሚሠራው በማነጻጸር ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ በትክክል የተሰየመ ናሙና ከሌለ መልስ አይሰጥም፤ የብዙ ሐሩር ክልል ዝርያዎች ደግሞ ገና አልገቡበትም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከዝርያ ሰፋ ባሉት ምድቦች፣ በቤተሰብ ወይም በወገን ደረጃ አቁሙ። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ከባዶ ቦታ የበለጠ ጉዳት አለው።

ወደ ክፍል ይዞ መግባት

ተማሪዎችን ስም ከማስሸምደድ አዲስ ዝርያ እንዲቆጥሩ አድርጉ። በመጀመሪያው ካሬ ሜትር ስንት ተገኘ? በሁለተኛው ስንት አዲስ ተጨመረ? ይህን በግራፍ ሲያወጡት መስመሩ እየጎበጠ ይሄድ እንደሆነ ያያሉ። ሽቅብ መውጣቱን ካላቆመ ገና ብዙ ያልታየ አለ ማለት ነው። አንድ ልጅ ይህን በራሱ እጅ ሲያወጣ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ሌላ የማስተማሪያ ዘዴ ሲሰጥ አላየሁም።

ናሙናው የት ይደር?

ቤት አታስቀሩት። ከተቻለ ከእያንዳንዱ ተክል ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ በአገሩ ሄርባሪየም ይቀመጥ። ከማስረከባችሁ በፊት ተባይ እንዳይኖርበት በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል አቆዩት። መረጃውን ጂቢአይኤፍ በተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት በኩል ለሌሎች ክፍት አድርጉ። በሕገወጥ አዳኝና ነጋዴ የሚፈለግ ዝርያ ከሆነ ግን ትክክለኛ ቦታውን ደብቁ፤ ሰፊውን አካባቢ መጥቀስ ይበቃል።

ከዚያ ወቅቱ ሲለወጥ ወደዚያው 20 በ20 ሜትር ቦታ ተመለሱ። ባለፈው ቅጠል ብቻ የነበረው ዛፍ አበባ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በወገን ደረጃ ያቆማችሁትን ስም ያን ጊዜ ትጨርሱታላችሁ።