የፀሐይን ቀለበት ከከተማ መሐል እንዴት ማየት ይቻላል?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት፣ ጨረቃ በላሊበላ ሰማይ ላይ የፀሐይን መሐል ሸፍና ጠርዟን ብቻ ተወችላት። ቀለበታዊ ግርዶሽ የሚባለው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከመስመሩ ውጭ ስለነበረች ለእኛ የደረሰችን ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ናት። እኔ ደግሞ እሷንም በቅጡ አላየኋትም። መነጽሬን ይዤ በረንዳ ላይ ብወጣ፣ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ፀሐይዋን ውጧታል። ደረጃውን ወርጄ ገላጣ ቦታ እስካገኝ ዋናው ሰዓት አለፈ።

ስለዚህ ከቦታው እንጀምር። ግርዶሹ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልክ በዚያው ሰዓት ልትቆሙበት ያሰባችሁት ቦታ ሂዱ። ፀሐይ በአንድ ቀን ልዩነት ቦታዋን ያን ያህል አትለውጥም። ዛሬ ፎቅ ከጋረዳት ነገም ይጋርዳታል። የሰኔው ግርዶሽ የበረታው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገና ዝቅ ያለች ናት፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም ይበቃታል። የፎቅ ጣራ ካማራችሁ ቁልፉን ከዘበኛው በዋዜማው ጠይቁ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን ስታጣሩ ብዙ ጊዜ የምታገኙት በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 3 መቀነስ። ጠዋት 5 ሰዓት ካለ፣ የእኛ 2 ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዓይን። ሙሉ ግርዶሽ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ለአፍታ መነጽር ማውለቅ ይቻላል። ቀለበት ላይ ግን እንዲህ ያለ አፍታ የለም። ጨረቃ ከምድር ራቅ ስላለች ትንሽ ሆና ትታያለች፣ ፀሐይን መሙላት አትችልም። የቀረው ቀጭን ጠርዝ ለዓይን ያው ፀሐይ ነው። ረቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሲቃጠል አይታወቃችሁም፤ ብዥታው የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው።

በልጅነታችን የተማርናቸውን ዘዴዎች እርሷቸው። ራጅ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ አንዳቸውም አይሆኑም። የሚሆነው አይኤስኦ 12312-2 የሚለውን መስፈርት የሚያሟላ የግርዶሽ መነጽር ነው። ቤት ውስጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ከደማቅ አምፖል በቀር ምንም ሊታያችሁ አይገባም። ጭረት ካለው ጣሉት። 14 ቁጥር የበያጅ መስታወትም ይሠራል፤ ሠፈር ያለው በያጅ የሚጠቀምበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የሳሳ ነውና ቁጥሩን እዩ። መነጽሩን አጎንብሳችሁ አድርጉ፣ ከዚያ ቀና በሉ። ስታወልቁም መጀመሪያ ፊታችሁን አዙሩ። መነጽሩን አድርጎ በባይኖክላር ማየት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት መነጽሩንም ዓይንንም ይበሳል።

መነጽር ካጣችሁ አትዘኑ። እንዲያውም ለእኔ የሚበልጠው ያለ መነጽር የሚታየው ነው። ቆርቆሮ ጣራ ባለበት ቤት ያደገ ሰው በሚስማር ቀዳዳ የምትገባዋን ክብ ብርሃን ያውቃታል። ማድ ቤት ውስጥ ጭስ ካለ ጨረሩ እንደ ዘንግ ተገትሮ ይታያል። ያቺ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለችም። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ቢሆንም፣ ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ ብርሃኑ ክብ ነው፤ ምክንያቱም የፀሐይዋ ምስል ነው። ግርዶሽ ሲሆን ያቺ ክብ ማጭድ፣ ቀጥሎም ቀለበት ትሆናለች።

ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ካርቶን በመርፌ ይብሳ። ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፍ። በቀዳዳው በኩል ወደ ፀሐይ ማየት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ወረቀቱ አንድ ሜትር ቢርቅ ምስሉ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሦስት ሜትር ቢርቅ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ግን ይደበዝዛል። የፓስታ ማጥለያ ከያዛችሁ ደግሞ በአንዴ ብዙ ቀለበት መሬት ላይ ይበተናል፤ ልጆች የሚወዱት ይህን ነው። ዛፍ ሥር ከሆናችሁ ምንም አያስፈልግም፣ በቅጠሎቹ መሐል የሚያልፈው ብርሃን ራሱ ይሠራዋል።

ለቀጣዩ አጋጣሚ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.ን ያዙ። የዚያን ዕለቱ ሙሉ ግርዶሽ ነው፤ ጅዳ ያላችሁ ወገኖች 6 ደቂቃ ገደማ ጨለማ ታያላችሁ፣ ለዚያችው ጊዜ ብቻ መነጽር ይወልቃል። አዲስ አበባ የሚደርሰው ከፊሉ ስለሆነ እኛ አናወልቅም። ክረምትም ነው፤ ከመነጽሩ ጋር ዣንጥላ ያዙ።