ፋይሉ መሃል ላይ ቀጥ ሲልብኝ

የጮቄ ተራራን የሳተላይት ምስሎች በዩኒቨርሲቲዎች የምርምር መስመር ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ሰርቨር ለመላክ 3 ቀን ፈጀብኝ። ፒንግ (ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ይሠራል። ከርቀት ትእዛዝ መስጫ በሆነው በኤስኤስኤችም እገባለሁ። ፋይል መላኪያውን አርሲንክ ስጀምር ግን ቀጥ!

ኬብል ቀየርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ (የሁላችንም ጸበል)። መስመሩ ቀለል ይላል ብዬ ሌሊትም ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ትንንሽ ፋይሎች ማለፋቸውን ሳይ ነቃሁ። ፓኬቱ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚጓዝበት ጥቅል) መንገድ ላይ እንዳይቆራረጥ ከልክዬ በ1472 ባይት ፒንግ አደረግሁ፤ መልስ የለም። በ1372 አለፈ። የ28 ባይት ራስጌው (ፓኬቱ ፊት ላይ የሚቀመጠው የአድራሻ መረጃ) ሲደመር 1400 መሆኑ ነው። መንገዱ ላይ ታነል (ፓኬቱን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሳልፍ፣ ቦታም የሚሻማ) አለ፤ "ፓኬቱ ከልክ በላይ ትልቅ ነው" የሚለውን የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ) መልእክት ደግሞ ፋየርዎል (የኔትወርኩ ዘበኛ) ይውጠዋል። ላኪው ምን ይወቅ? ያንኑ ይደጋግማል።

የኮምፒውተሬን ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) ከ1500 ወደ 1400 አወረድኩ። ፋይሉ ወዲያው ሄደ። ለሌሎቹ ማሽኖች ራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (ራስጌው ሳይቆጠር አንድ ፓኬት የሚይዘው ትልቁ የዳታ መጠን) 1360 አድርገነዋል።