ክረምትን በመዝገብ መያዝ፦ በጎጃም ዝናብን ለክቶ የአየር ንብረት ለውጥን ማንበብ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከቢቸና እስከ ቡሬ፣ ሰኔ በገባ ቁጥር «ክረምቱ እንደ ድሮው አይደለም» ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ምኑ እንደተለወጠ ሲጠየቅ ግን መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ዝናቡ አነሰ ይላል፤ ሌላው ዘግይቶ ይገባል ይላል፤ ሦስተኛው ቶሎ ይወጣል ይላል፤ አራተኛው ደግሞ በአንድ ቀን ዶፍ ሆኖ ይወርድና ለሳምንት ይጠፋል ይላል። እነዚህ አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ የሚጠይቁት መፍትሔም አንድ አይደለም። ዝናብ ለሚዘገይበት ቀበሌ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ያስፈልገዋል፤ ዶፍ ለሚያጠቃው ቀበሌ ግን እርከንና የውሃ መፋሰሻ ቦይ ይቀድማል። ከአራቱ የትኛው እንደደረሰብን ለመለየት በየቀኑ የተጻፈ መዝገብ ይጠይቃል፤ ይህንንም መዝገብ ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ማኅበር ወይም አንድ ትጉህ ቤተሰብ ሊይዘው ይችላል።

መለኪያውን መሥራት

የሚያስፈልገው ዕቃ በየቤቱ አለ። ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይምረጡና የአንገቱ ጥበት አልቆ ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ላይ ዙሪያውን በስለት ይቁረጡት። ከዚያም የላይኛውን ቁራጭ ክዳኑን አውጥተው፣ አፉን ወደ ታች ገልብጠው፣ ጠርዝ ለጠርዝ እንዲገጥም አድርገው በታችኛው ክፍል ውስጥ ይክተቱት። እንዲህ ሲደረግ ዝናቡ በጠባቡ አፍ በኩል ይወርዳል፤ ፀሐይና ነፋስም የተጠራቀመውን ውሃ በቀላሉ አያተኑትም።

ቀጥሎ የአፉን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው ለሁለት ያካፍሉ፤ ያገኙትን ቁጥር በራሱ ያባዙ፤ ከዚያም በ3.14 ያባዙት። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በዕቃው ውስጥ የሚገኝ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። የተጠራቀመውን ውሃ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ፣ መርፌው በወጣለት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እየቀዱ ይለኩና ድምሩን ለ7.85 ያካፍሉት። ይህን ስሌት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በደንብ ይሠራዋል፤ እንዲያውም የሒሳብ ትምህርት ለኑሮ ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

መለኪያው የሚቆምበት ቦታ ከአሠራሩ ይበልጣል። ጠርዙ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከታሰረበት እንጨት ጫፍም በላይ ሆኖ፣ ሳይጋደል መቆም አለበት። ከዛፍና ከቤት ያለው ርቀትም ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት እጥፍ ይሁን፤ ባሕር ዛፉ 10 ሜትር ቁመት ካለው መለኪያው 20 ሜትር መራቅ ይገባዋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለመጠበቅ እንዲመቸኝ ብዬ ከቤቴ ጣራ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ብቻ አርቄ ተከልሁት። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው የሚረጨው ውሃ ሲገባበት ከርሞ፣ የዚያን ክረምት ቁጥር በሙሉ ለመሰረዝ ተገደድሁ።

ማንበብና መጻፍ

ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይሁን፤ የአገራችን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም ዝናብ የሚለኩት በዚህ ሰዓት በመሆኑ ቁጥርዎን ከእነርሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከትናንት 3 ሰዓት እስከ ዛሬ 3 ሰዓት የዘነበው በዛሬው ቀን ይጻፋል። ከቁጥሩ ጎን ካፊያ፣ ዶፍ፣ በረዶ ወይም ጉም እንደነበረ በአንድ ቃል ይጨምሩ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ የጣለበትን ሌሊት አይለፉት።

አብዛኞቹ መዝገቦች የሚበላሹት በባዶ ቦታ ምክንያት ነው። ዝናብ ባልነበረበት ቀን 0 ይጻፋል፤ መለኪያው ሳይነበብ ለዋለበት ቀን «አልተነበበም» ይባላል። ሁለቱም ባዶ ከተተዉ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደብተሩን የሚከፍት ሰው ድርቁን ከስንፍና መለየት አይችልም። ለቀብር ወይም ለገበያ ተሂዶ ሁለት ቀን ሳይነበብ ቢቀርም፣ የሦስቱን ቀን ድምር በግምት ለየቀኑ አያከፋፍሉት፤ «የሦስት ቀን ድምር» ብለው በአንድነት ይጻፉት። በዚህ ጉዳይ ጥብቅ የምሆነው የተገመተ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ለመለየት የሚቻልበት መንገድ ስለሌለ ነው።

ከቁጥሩ ምን ይነበባል?

ጠቅላላ ድምሩ የሰውን ዓይን ቶሎ ይስባል፤ ለገበሬ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህ መጠን በደንብ ተከፋፍሎ ሲወርድ ጥጋብ ነው፣ ተዛብቶ ሲወርድ ግን በዚያው ድምር ችግር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ክረምቱ የገባበትን ቀን ይፈልጉ። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መስፈርት በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡን፣ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥም ዝናብ ከዘጠኝ ቀን በላይ በተከታታይ አለማቋረጡን ይመለከታል።

የመስፈርቱን ጥቅም በምሳሌ እንየው። ግንቦት 18፣ 19 እና 20 ላይ 9፣ 7 እና 6 ሚሊ ሜትር ተለካ እንበል፤ ድምሩ 22 ነው። መሬቱ ረጠበ፣ ጎረቤት ጠመደ፣ የበቆሎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መሬት ገባ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለት ዜሮዎች ተከታተሉ። ቡቃያው ጠወለገ፤ በብድር የተገዛው ዘርም ባከነ፤ ሰኔ ላይ ሁለተኛ ለመዝራት ሁለተኛ ብድር ተጠየቀ። የግንቦት 18ቱ ዝናብ የክረምት መግቢያ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አታላይ አጀማመር በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ከመዝገብ ቆጥሮ ማወቅ የቻለ መንደር፣ የመጀመሪያውን እርጥበት አይቶ ሁሉንም ማሳ በአንድ ቀን ከመዝራት ይልቅ ከፋፍሎ መዝራትን ሊመርጥ ይችላል። «ሰኔና ሰኞ» ሲገጥም መፍራት ከአባቶቻችን የወረስነው ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄውን ወደ ደብተሩ ብናዞረው የበለጠ ይጠቅመናል።

ዶፍን በተመለከተ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን ያስታውሱ። ጥማዱን በሩብ ሄክታር ብናሰላው፣ በአንድ ሌሊት የወረደ 40 ሚሊ ሜትር በአንድ ጥማድ መሬት ላይ 100,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5,000 ጊዜ እንደማፍሰስ ነው። ቁልቁለት ላይ ያለ፣ ለጤፍ ታርሶ የለሰለሰ ማሳ ይህን ሁሉ ውሃ ሊይዝ ስለማይችል አፈሩን ይዞት ይሄዳል። በደምበጫ አቅራቢያ በምትገኘው አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 በተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ዝናብ፣ ጎርፍና የአፈር መከላት በአንድነት ሲለኩ የቆዩት ይህን ግንኙነት ለማወቅ ነው። በመዝገብዎ ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ቢያከብቡና በማግሥቱ ቦረቦሩ ምን ያህል እንደሰፋ በእርምጃ ለክተው ቢጽፉ፣ እርከን የሚሠራበትን ቦታ ለመምረጥ ጥሩ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ከደብተሩ ወደ ሳይንሱ

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት የተለያዩ ናቸው። የዛሬው ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው፤ የአየር ንብረት የሚባለው በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ደብተር ይዞ «የአየር ንብረት ተለወጠ» ማለት አይቻልም፤ ያን ድምዳሜ ለመስጠት የራስን መዝገብ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ካሉት ጣቢያዎች የረጅም ጊዜ መረጃ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

ለውጡ በግልጽ የሚታየው በሙቀት ላይ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። የክረምት ዝናብ ግን ከዓመት ዓመት በጣም ስለሚዋዥቅ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጠቅላላ መጠኑ ላይ እንደ ሙቀቱ ያለ ጥርት ያለ አዝማሚያ አልታየም። ይህን የምጽፈው ለውጡን ለማሳነስ አይደለም፤ ለገበሬ የተጋነነ ነገር ተነግሮት በኋላ ካልደረሰ ቀጥሎ የሚነገረውንም እውነት አያምንም።

የሙቀቱ መንስኤ በሚገባ ይታወቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደሚያግድ እ.ኤ.አ. በ1859 ጆን ቲንዳል በሙከራ አሳይቷል። ይህ ጋዝ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር፤ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠል ኖሮ ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል። መንስኤው ፀሐይ ናት ለሚሉም መልስ አለ፤ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ ይሞቅ ነበር፣ የተለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው እየቀዘቀዘ መሄዱን ነው። አገራችን ለዚህ ጋዝ ያላት ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑም ሊነገር ይገባል፤ ጎጃም ውስጥ በበሬ የሚያርስ ሰው ያላደረሰውን ጥፋት ዕዳ እየከፈለ ነው።

አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዝናብ ሲመጣ የሚከብድበት፣ ሲያቋርጥ ደግሞ መሬቱ ፈጥኖ የሚደርቅበት ዕድል ይጨምራል፤ በደብተሩ ላይ ዶፎቹንና የዜሮዎቹን ርዝመት አጥብቀን የምንቆጥረው ለዚህ ነው። ሁሉንም መጥፎ ዓመት በዚህ ማስላት ግን ስሕተት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የተከሰተውና 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ የዳረገው ድርቅ በዋናነት የተያያዘው ከኤል ኒኖ ጋር ነበር፤ ኤል ኒኖ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ ምክንያት በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለስ የተፈጥሮ ክስተት ነው። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ የኤል ኒኖ ዓመታትን ምልክት ያድርጉባቸው።

ሙቀትንም መመዝገብ ከተቻለ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚያሳይ ቴርሞሜትር ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ርቆ ይሰቀል። በተራራ ላይ 1,000 ሜትር ሲወጡ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 1 ዲግሪ መሞቅ ቆላውን፣ ወይናደጋውንና ደጋውን ወደ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ እንደመግፋት ነው። የጮቄ ተራራ ግን ጫፍ አለው፤ ገብስና እንግዶ ከዚያ በላይ የሚሸሹበት የለም። በአንጻሩ የወባ ትንኝ ከቆላው ወደ ላይ የምትወጣበት መንገድ ይከፈትላታል፤ እናም ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ መንደር በወባ የታመመ ሰው ሲገኝ፣ ሰውየው ቀደም ብሎ ለሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርዶ እንደሆነ ጭምር ተጠይቆ መጻፍ ይኖርበታል።

የሽማግሌዎችን ትውስታ መሰብሰብ

ደብተሩ ያልነበረበትን ዘመን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው። «ድሮ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ሰፊ መልስ ያመጣል እንጂ ቀን አያመጣም። ጥያቄው በሚታወስ ዓመት ላይ ይታሰር፦ «አባ፣ ደርግ በወደቀበት በ83 ዓ.ም. ጤፍ የዘሩት ከሐምሌ ሥላሴ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?» «እማሆይ፣ በ77ቱ ድርቅ ይህች ምንጭ ደርቃ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የሦስት ሰው መልስ ከተስማማ ይጻፉት፤ ካልተስማማም ልዩነቱን እንዳለ ያስቀምጡት።

መዝገቡ ለአንድ ሰው ብቻ ከተተወ ያ ሰው ሲታመም ወይም አካባቢውን ሲለቅ ይቋረጣል። ስለዚህ ንባቡን የሚተካ ሁለተኛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይሰየም፤ በየወሩ መጨረሻም ድምሩ በሰንበቴው ወይም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ቅጂ ይውሰድ። መለኪያው ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ቢተከል የግንቦቱ የመጀመሪያ ዝናብ አያመልጥም። ደብተሩ በእርሳስ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳልና፣ ቀዩን ምልክት መጨመር የሚገባው በዓመቱ መጨረሻ በጳጉሜን፣ ንጹሑ ግልባጭ ተጽፎ በሌላ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ነው።