ከሰሜን ሸዋ ለመጣችሁ፦ ስለ ጤናችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ?

መንዝ ወይም ጣርማ በር ሳላችሁ፣ ልጅ ሲያተኩሰው የምትጠይቁት ሰው ይታወቅ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፋችሁን ታውቃለች፤ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው በመዝገቧ ይዛለች። እዚህ እንግሊዝ ግን ማንም በራችሁን አያንኳኳም። ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ሳትታመሙ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰፈራችሁ ያለው የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝገቡ። ጂፒ ይሉታል። ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃም የመኖሪያ ፈቃድም ማሳየት ግዴታ አይደለም። እንግዳ ተቀባይዋ «ወረቀት አምጡ» ብትል ይህንኑ በትሕትና ንገሯት እንጂ ተመልሳችሁ አትውጡ። ሲጨንቃችሁ ነገር ግን ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 111፣ ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ 999 ደውሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚደውሉት 911 ነው።

ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነጻ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤቴን ሐኪም ዘንድ አጅቤ ሄድኩ። አፏ የሆነችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ነበረች። እናት «ሆዴን ቆረጠኝ» አለች፤ ልጅቷ ቃል በቃል አስተላለፈችው፤ ነርሷ ቁስል ፍለጋ ልብሷን ገለጥ አደረገች። ያ ወዲያው ታረመ። ያልታረመው ግን ሌላ ነው፦ ጎረቤቴ ደም እየፈሰሳት ነበር፤ ልጇ ፊት ማውራት አፍራ ሳትናገር ወጣች። ለሐኪሙ የነገርነው በሁለተኛው ቀጠሮ፣ በስልክ አስተርጓሚ ነው። ልጆቻችሁን ከዚህ ሸክም አውጧቸው።

ቤት ሆናችሁ ለማንበብ የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ድረ ገጽ በቂ ነው። በአማርኛ የምትፈልጉ ከሆነ የአሜሪካው ሜድላይን ፕላስ የአማርኛ ክፍል አለው፤ ሲያትል የተጀመረው ኤትኖሜድም በእኛ ቋንቋ የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። ሌላ ቦታ ስታነቡ ግን ከመድኃኒቱ ስም በፊት የጸሐፊውን ፈልጉ። ማን ነው? ሙያው ምንድን ነው? መቼ ነው የጻፈው? ከጽሑፉ ግርጌ የሚሸጥ ነገር አለው?

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእናቴ ስለደረሰ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ስኳር አለባት። አንድ ሰው በቪዲዮ «ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰዱ» ሲል ሰምታ መድኃኒቷን አቆመች። ለእረፍት ስሄድ የሁለት ወር ክኒን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁ፤ አንዱም አልተነካም። ሰውየው ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። አልተቆጣኋትም። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩና ነርሱን ራሷ እንድትጠይቀው አደረግሁ፤ የእኔን ቃል ሳይሆን የእሱን ተቀበለች።

ጸበልም አልከለከልኳትም። ጻድቃኔ ማርያም ስትሄድ ክኒኗን ይዛ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህን ስነግራት ልቧ አረፈ። እናንተም ጸበል ወይም ዳማከሴ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ መደበቅ ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቁጥር ተጠንቀቁ። ጠርሙሱ ላይ 8 ኤኤም የሚለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ብሎ ለምሳ ጊዜ ያቆየ ሰው አውቃለሁ። የስኳር መለኪያውም ይለያያል። አገር ቤት 126 የሚባለው እዚህ 7 ነው፤ የአገር ቤቱን ቁጥር ለ18 ማካፈል ነው። ይህን ሳላውቅ እናቴ በስልክ «320 ሆነ» ስትለኝ ትልቅነቱ አልገባኝም ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ስትደውል ቁጥሯን ትነግረኛለች፣ እኔም እዚያው ለ18 አካፍላለሁ። ባለፈው እሑድ 144 ነበር፤ ስምንት።