ለመጀመሪያ ጌማችሁ ታሪኩን የት ታስገቡታላችሁ?

ጌም ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው የጽሑፍ ፋይል ነው። የንጉሡ የዘር ሐረግ፣ የጦርነቱ መነሻ፣ የጀግናው አስተዳደግ ሃያ ገጽ ይሞላል፤ ተጫዋቹ በጣቱ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ መስመር ግን አይገኝበትም። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

መጀመሪያ አንድ ግሥ ጻፉ፦ ይዘላል፣ ይደበቃል፣ ያመሳክራል፣ ይሸጣል። ከዚያ ያለ ሥዕል፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ አንዲት የንግግር መስመር፣ በግራጫ ሳጥኖች ብቻ ያንን ግሥ የሚያስጫውት አንድ ሌቭል ሥሩ። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በነጻ ስለሚገኝ ለዚህ ይበቃል። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ስጡና ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ «እዚህ ጋ ተጫን» ማለት ክልክል ነው። ሳትጠይቁት እንደገና የጀመረ ሰው ካለ መሠረቱ ተገኝቷል። ሁሉም አንዴ ተጫውቶ ስልኩን ከመለሰላችሁ ታሪክ ብትጨምሩበትም አይድንም፤ ግሡን ቀይሩ። ትዋይን በተባለው የጽሑፍ ጌም መሥሪያ የሚሠራ ጌም ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ግሡ «ይመርጣል» ስለሆነ ጽሑፉ ራሱ ጨዋታው ነው። ምርጫው በሁለት በሦስት ገጽ ውስጥ የሆነ ነገር ካልቀየረ ግን ተጫዋቹ ማንበቡን ትቶ ዝም ብሎ መጫን ይጀምራል።

አሁን ታሪኩን ከግሡ አውጡት። ሉካስ ፖፕ በ2013 ያወጣው ፔፐርስ ፕሊዝ የተባለ ጌም ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ነው። ተጫዋቹ ድንበር ላይ የተቀመጠ ፓስፖርት ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራው ስምን ከስም፣ ቀንን ከቀን፣ ፎቶን ከፊት ማመሳከር። በትክክል ባስተናገደው ሰው ልክ ይከፈለዋል፤ ማታ በዚያው ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የማሞቂያ ይከፍላል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ባል ያልፍና ሚስቱ የመግቢያ ፈቃድ ሳትይዝ ከኋላው ትመጣለች። ብታሳልፏት ጥፋት ይመዘገብባችኋል፤ ብትመልሷት ባልና ሚስት ይለያያሉ። ጌሙ ለዚህ ቪዲዮ አላስገባም፣ አዲስ በተንም (መጫኛም) አልጨመረም፤ የምትወስኑበት ቀኑን ሙሉ ስትመቱት የዋላችሁት ማህተም ነው።

የራሳችሁን ለመፈተሽ ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ በአንዱ ታሪኩ ስለ ጀግናው የሚለውን፣ በሌላው በተኖቹ የሚያስደርጉትን። በንግግር ሰላም ወዳድ፣ በበተን መቶ ሰው ገዳይ ከሆነ ተጫዋቹ የሚያምነው በተኑን ነው። ኮዱን ከመቀየር ጀግናውን መቀየር ይቀላል።

ጽሑፍ የሚነበበው እጅ ሲያርፍ ነው። በውጊያ መሃል የወጣ ንግግር ማንም አያየውም። ሄዲስ የተባለው ጌም (2020) ጥሩ መላ አለው፦ ጀግናው በሞተ ቁጥር ወደ ቤት ይመለሳል፣ የቤቱ ሰዎች አዲስ ነገር ይነግሩታል፤ መሸነፉ ራሱ ታሪኩን ያስቀጥላል። በአንድ ሳጥን ከሁለት መስመር አትለፉ፣ መዝለያ በተን አድርጉ። ጨዋታው ሴቭ በሚደረግበት ቦታና በከባድ ጠላት መካከል የማይዘለል ንግግር አታስገቡ፤ ሦስተኛ ጊዜ የሞተ ሰው ያንኑ ንግግር ሲሰማ ጌሙን ያጠፋዋል። በመጨረሻ ጽሑፉን በሙሉ ደብቃችሁ አስጫውቱና «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያነብ የተረዳውን የሚደግም ንግግር ይሰረዝ።

በአማርኛ ስትጽፉ ሁለት ተጨማሪ ጣጣ አለ። አንደኛው ፎንት ነው። ዩኒቲ በተባለው ሌላ የጌም መሥሪያ ላይ፣ ጽሑፍ በሚያሳየው በቴክስትሜሽ ፕሮ የማይለወጥ (static) የፎንት አሴት ስትፈጥሩ 1200-137F የሚለውን የዩኒኮድ ክልል (የኢትዮጵያ ፊደላትን መለያ ቁጥሮች) ካላስገባችሁ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ጎዶት በራሳችሁ ኮምፒውተር ከሲስተሙ ፎንት ተበድሮ በትክክል ያሳያችኋል፤ ብራውዘር ላይ ግን የሚበደረው የለም፣ ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ ጨምሩ። ፊደሉን በጣም ካሳነሳችሁት በ፣ ቡ እና ቢ አይለዩም።

ሁለተኛው ጾታ ነው። «ሰይፉን አንሳ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሴቷ ተጫዋች ገና በመጀመሪያው መስመር ከታሪኩ ትወጣለች። ወይ መግቢያው ላይ ጠይቃችሁ «አንሳ» እና «አንሺ»ን ለየብቻ ጻፉ፣ ወይ ሁሉንም በ«እርስዎ» አድርጉት። ስም ብቻ የሚቀይር ኮድ «አልማዝ መጣ» ብሎ ያወጣላችኋልና ግሡም አብሮ እንዲቀየር አድርጉ።