ካራቫጆን ሮም ላይ በነጻ ለማየት

ሮም ላይ አንድ ነጻ ቀን ላገኘ ተማሪ የሙዚየም ትኬት ኪስ ያራቁታል። ሙዚየሙን ተዉትና ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ፒያሳ ናቮና ከተባለው አደባባይ አጠገብ ባለው ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ የሳላቸው 3 የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ ደግሞ ሳንታጎስቲኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ሥራውን ታገኛላችሁ። መግቢያ አይከፈልም። ሥዕሎቹ ከ400 ዓመት በፊት የታዘዙት ለእነዚሁ ጸሎት ቤቶች ስለሆነ እዚያው ቀርተዋል።

ውስጡ ጨለም ይላል። መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚበራው ሳንቲም ሲገባበት ነውና ዝርዝር ያዙ። ካልያዛችሁም ትንሽ ጠብቁ፤ አንዱ ቱሪስት መክተቱ አይቀርም።

እሁድ ጠዋት ግን ቅዳሴ ስላለ ይቅርባችሁ። ቀትር ላይም ይዘጋሉ። ትከሻችሁ ከተገለጠ ነጠላ ጣል አድርጉ።