ማንም ልጅ ዳር እንዳይቆም

ደብረ ብርሃን ላይ ልጆች የማስሮጠው ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብርዱ አይቻልም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ልጅ ቶሎ ያለከልካል። በእርምጃ ይቀጥል፣ አትቆጡት።

«ማን ቀደመ?» የሚለውን ተዉት። ሁለት ሁለት አድርጓቸው፤ የሚቆጠረው አብሮ መድረስ ነው።

ወላጅ «ዓይኗ አያይም፣ አትችልም» ካለኝ የማየት ችግር ያለባት ሯጭ ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ያገኘችውን ወርቅ አነሳለሁ። ልጅቷን ክንዷን ይዛችሁ አትጎትቱ። ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ክንድ የሚያህል ቅደዱና ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ። አንዱን እሷ፣ አንዱን ጓደኛዋ ትያዝ። እጃቸው እኩል ይወዛወዝ። ጓደኛዋ «ድንጋይ፣ በግራ!» እያለች ትንገራት። መጀመሪያ ግን በእርምጃ ይለማመዱ። እኔ ይህችን ዘልዬ ሁለቱም ጭቃ ላይ ተዘረሩ። ደግነቱ ሳቃቸው አላቆም አለ።